የባለቤቴ አያት አያት ግዞተኛ ነበሩ ይባላል፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ሜልበርን ነው የምትኖረው። ባለቤቷ እዚያው ተወልዶ ያደገ አውስትራሊያዊ ነው። የ11 ዓመት ልጃቸው የቤተሰቧን የዘር ሐረግ ጽፋ እንድታመጣ ከትምህርት ቤት ታዘዘች። በእናቷ በኩል ችግር አልነበረም። አያቷ ከአዲስ አበባ በስልክ ሰባት ቤት ቆጠሩላት። በአባቷ በኩል ግን ነገሩ አምስተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ቆመ። «የአያቴ አያት ከእንግሊዝ በግዞት የመጡ ናቸው፤ ዳቦ ሰርቀው ነው ይባላል፤ ባላራት ነው የሞቱት» ከሚለው ሌላ ባልየው የሚያውቀው የለም። እናትየዋ ስሙን ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ በዚያው ስም አሥራ ምናምን ግዞተኛ መጣባት። «የቱ ነው የእኛ? ደግሞስ ለልጄ ልንገራት ወይስ ይቅር?» ትላለች።

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው የአሥራ ምናምኑን ስም ዝርዝር ሲያይ ደስ ያለውን አንዱን መርጦ ይሄዳል። አንቺ ቆም ብለሽ ጠይቀሻል። ስምየውን እዚህ አልደግመውም። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ በየመንደሩ የሚገኝ ስም መሆኑን መናገር ይበቃል።

ስሙን የግዞተኞች መዝገብ ውስጥ መፈለግሽ ጥፋት የለውም፤ ግን ቀድሟል። ብዙ ሰው ግዞተኛውን ከመርከቡ አንስቶ ወደ ቤተሰቡ ለማምጣት ይሞክራል። መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው። ከቤተሰቡ ተነስተሽ፣ አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየሄድሽ፣ መርከቡ ላይ ትደርሻለሽ። እናትሽ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ የጀመሩት ከልጅቷ ነው። «አንቺ የእገሊት ልጅ፣ እገሊት የእገሌ ልጅ» እያሉ ነው የወጡት። መሀል ላይ አንድ ቤት ዘለው ቢሆን ኖሮ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የሌላ ሰው ዘር ይሆን ነበር። እዚህም ያው ነው። ልዩነቱ እናትሽ በቃላቸው የያዙትን እዚህ ወረቀት መያዙ ብቻ ነው።

ስለ ዘመኑ ትንሽ ላስታውስሽ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ብሪታንያ ከ1788 እስከ 1868 ከ160 ሺህ በላይ ሰው ወደ አውስትራሊያ በግዞት ልካለች። ፍርዱ ብዙውን ጊዜ 7 ዓመት፣ 14 ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ነበር። ሰባት ዓመት የተፈረደበትም ቢሆን ሲጨርስ መመለሻውን የሚከፍልለት አልነበረም። ስለዚህ አብዛኛው እዚያው ቀረ። ግዞት የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጣሊያን ከየካቲት 12 በኋላ መኳንንቱንና የተማሩትን ጭኖ እስከ አዚናራ ደሴት ድረስ እንደወሰደ እናውቃለን። የእንግሊዙ ግን በአብዛኛው የድሃ ግዞት ነበር። መሀረብ፣ ጫማ፣ በግ፣ የአሠሪ ልብስ የሰረቀ ሰው ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ባላራት እንምጣ። ባላራት ያለችው ቪክቶሪያ ውስጥ፣ ሜልበርንም ባለችበት ክፍለ ግዛት ነው። ቪክቶሪያ ደግሞ እንደ ሌሎቹ የግዞተኛ አገር አልነበረችም። ከ1844 እስከ 1849 ጥቂት መርከቦች ፍርዳቸውን በከፊል የጨረሱ ሰዎችን አራግፈውባታል፤ ከዚያ ውጭ ግዞተኛ የሚወርደው ሌላ ቦታ ነው። ኒው ሳውዝ ዌልስ በመሠረቱ እስከ 1840 ተቀበለች። ደሴቷ ታዝማኒያ እስከ 1853። ምዕራብ አውስትራሊያ ከ1850 እስከ 1868፣ ያውም ወንዶችን ብቻ። ስለዚህ ሰውዬው ባላራት ሞተው ከሆነ ከሌላ ቦታ ተሻግረው ሳይሆን አይቀርም። በ1851 ባላራት ላይ ወርቅ ሲገኝ ከታዝማኒያ ባሕሩን የተሻገረው ሰው ብዙ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ግምት ታዝማኒያ ነው። ግምት ግን ግምት ነው። መጀመሪያ ወረቀቱ ይምጣ።

ወረቀቱ የትኛው ነው? የሞት ምስክር ወረቀታቸው። ቪክቶሪያ ከ1853 ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ ታስገባለች። የሞት መዝገቡ ከማውቃቸው ሁሉ የተሻለ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የሟቹን ስም፣ ሥራና የሞቱበትን ምክንያት ብቻ አይነግርሽም። የአባትና የእናታቸውን ስም፣ የት እንዳገቡ፣ በስንት ዓመታቸው፣ ማንን፣ የልጆቻቸውን ስም ከነዕድሜያቸው ይዘረዝራል። ከሁሉ የሚበልጠው አንድ ዓምድ አለ። የት ተወለዱ፣ በአውስትራሊያ ቅኝ ግዛቶች ስንት ዓመት ኖሩ፣ በየትኛው ስንት ይላል። «ታዝማኒያ 11 ዓመት፣ ቪክቶሪያ 32 ዓመት» የሚል ነገር ካየሽ ግማሹ ሥራ አለቀ። ከሞቱበት ዓመት ወደ ኋላ ቀንሺ። የደረሱበት ዓመት ሁለት ሦስት ዓመት ወዲህ ወዲያ ብሎ ይወጣልሻል። አሥራ ምናምኑ ሰው ወደ ሦስት ወይም አራት ይወርዳል።

ወረቀቱን ከቪክቶሪያ የልደት፣ የሞትና የጋብቻ መዝገብ ቤት በኢንተርኔት በትንሽ ክፍያ ታወጪዋለሽ። የድሮዎቹ ለማንም ክፍት ናቸው። የሟቹን ብቻ አታውጪ። የልጃቸውን፣ ማለትም የባለቤትሽን ቅድመ አያት የልደት ወረቀትም አውጪ። የጋብቻቸውንም። ሦስቱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግተሽ አስተያዪ። የተወለዱበት መንደር በሦስቱም አንድ ነው? የሚስትየው ስም ይገጥማል? ዕድሜው ይሄዳል?

ይህን የምልበት ምክንያት አለኝ። የሞት ወረቀት ላይ ቃሉን የሚሰጠው ሟቹ አይደለም። ልጁ ነው፣ ወይ አማቹ፣ አንዳንዴም ጎረቤት። ልጁ የማያውቀውን ይገምታል። ወይም እያወቀ ይደብቃል። ቪክቶሪያ በ1852 ከታዝማኒያ የሚመጡ የቀድሞ ግዞተኞችን ለማገድ ሕግ አውጥታ ነበር። በቅድመ ሁኔታ ምሕረት አግኝቶ የተፈታ ሰው ቪክቶሪያ ውስጥ ከተገኘ ይያዛል። እንግዲህ አስቢው። ባላራት ላይ ድንኳን ተክሎ ወርቅ የሚቆፍር ሰው «ከየት መጣህ?» ሲባል ምን ይላል? «ከእንግሊዝ፣ በራሴ ገንዘብ ከፍዬ» ይላል። ለጎረቤት የተነገረው ነገር ለልጆችም ያው ሆኖ ይቀራል። ልጆቹም በሞት ወረቀት ላይ ያንኑ ያጽፋሉ። የታዝማኒያው 11 ዓመት ብን ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ታዝማኒያ ባይኖር ተስፋ አትቁረጪ። የመጀመሪያዎቹን ልጆች ልደት ታዝማኒያ ውስጥ ፈልጊ። ታዝማኒያ የልደት ምዝገባ የጀመረችው በ1838 ነው፣ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድማ። ደግሞ ያኔ ስሟ ቫን ዲመንስ ላንድ ነበር፤ ታዝማኒያ የተባለችው በ1856 ነው። ወረቀት ላይ በሦስት ፊደል (VDL) አሳጥረው ይጽፉታል፤ አይተሽ እንዳታልፊው።

ወደ ታዝማኒያ ስትሄጂ ጥሩ ዜና አለ። የታዝማኒያ ቤተ መጻሕፍት ድርጅት የስም ማውጫ አለው፤ በነፃ ነው። ስም ስትጽፊ የግዞተኛው መዝገብ፣ የጋብቻ ፈቃድ፣ ከደሴቲቱ የወጡ መንገደኞች፣ ሁሉም በየረድፉ ይመጣል። ብዙዎቹ ላይ የመጀመሪያው ገጽ ፎቶ እዚያው አለ። የአውስትራሊያ የግዞተኛ መዛግብት በ2007 በዩኔስኮ የዓለም ማኅደረ ትውስታ የተመዘገቡት በከንቱ አይደለም። ድሃ ሰው እንዲህ በዝርዝር የተጻፈበት ቦታ በዚያ ዘመን የትም አላየሁም።

አሁን ከሦስቱ ወይም ከአራቱ አንዱን መለየት አለብሽ። እዚህ ላይ ቁልፉ መርከቡ ነው። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ያው ችግር ነበረባቸው፤ በአንድ ስም ብዙ ሰው። ስለዚህ ግዞተኛን ሁልጊዜ ከመርከቡ ስም ጋር ነው የሚጠሩት። «እገሌ፣ በእገሌ መርከብ የመጣ» ነው ሙሉ ስሙ። ሰውዬው ሚስት ለማግባት ፈቃድ ሲጠይቅ ከነመርከቡ ይጻፋል። ሲቀጣም ከነመርከቡ። ሲፈታም ከነመርከቡ። አንድ ጊዜ የመርከቡን ስም በትክክል ካገኘሽ ክሩን ይዘሻል። ካላገኘሽ ግን ሁለት ሰው አንድ ላይ ሰፍተሽ ትሄጃለሽ።

በእኔም ደርሷል። ከዓመታት በፊት የአንድ ቤተሰብ ሥራ ይዤ አንድን ሰው ለወራት ተከተልኩ። ስሙ ገጠመ፣ ዕድሜው ገጠመ፣ የተወለደበት አውራጃ ገጠመ። ቤተሰቡ አንድ የቆየ ነገር ያውቅ ነበር፤ የሟቹ ግራ እጅ ጣት ተቆርጦ ነበር ይባላል። መዝገቡ ላይ ያለው የሰውነት መግለጫ ስለ ጣት የሚለው አልነበረም። «ጸሐፊው ረስቶት ይሆናል» ብዬ አለፍኩት። ጸሐፊው አልረሳም። በሌላ መርከብ፣ በስድስት ወር ልዩነት የመጣ ሌላ ሰው ነበር፤ የእሱ መግለጫ ላይ የጎደለው ጣት በግልጽ ተጽፏል። ለዚያ ቤተሰብ የሌላ ሰው አያት ሰጥቼ ነበር። ስነግራቸው ያዘኑት ሐዘን አሁንም ይታወሰኛል። ከዚያ ወዲህ የማይገጥም ነገር ሳይ እቆማለሁ።

የሰውነት መግለጫው ለምን እንዲህ ዝርዝር ሆነ ብትይ፣ ፎቶ ስላልነበረ ነው። ሰውየው ቢጠፋ በምን ይያዝ? ስለዚህ ከመርከብ ሲወርድ ጫማውን አውልቀው ቁመቱን ይለካሉ። ፀጉሩን፣ ቅንድቡን፣ ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን ይጽፋሉ። ጠባሳውን። ንቅሳቱን። ንቅሳቱ ላይ ቆም በይ። መልሕቅ፣ ልብ፣ መስቀል፣ ከሥሩ ደግሞ ሁለት ሦስት ፊደል። ፊደሎቹ ብዙ ጊዜ የሚወዱት ሰው ስም መነሻ ናቸው። የእናት፣ የሚስት፣ የእጮኛ። ሌላ ምንም ይዞ መሄድ ያልቻለ ሰው ክንዱ ላይ ይዞት የሄደ ነው። እነዚያ ፊደሎች አንዳንዴ ሌላ ወረቀት የማይነግርሽን ይነግሩሻል።

በ1840ዎቹ ለመጡት ደግሞ የመርከቡ ዝርዝር ላይ የአባት፣ የእናት፣ የወንድምና የእህት ስም ይጻፋል፤ የሚኖሩበት መንደርም አብሮ። የሞት ወረቀቱ ላይ ያለው የአባትና የእናት ስም ከዚህ ጋር ከገጠመ፣ በቃ፣ ሰውሽን አገኘሽ። እኔ ከዚህ በላይ ማረጋገጫ አልጠይቅም።

ስለ ስም አጻጻፍም አትጨነቂ። ጸሐፊው የሰማውን ነው የሚጽፈው፤ ሰውየው ራሱ ማንበብ አይችል ይሆናል። እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ አንሄድም። የሁለት ወንድማማቾች ፓስፖርት ላይ የአንዱ አባታቸው ስም በእንግሊዝኛ በሁለት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ስንት ጊዜ አይተናል? ከዚህ የባሰም አለ። ቦርሳሽ ውስጥ ባለ 20 ዶላር ካለ አውጪው። አንደኛው ገጽ ላይ ያለችው ሴት ሜሪ ሬይቢ ናት። እሷም ግዞተኛ ነበረች። ፈረስ ሰርቀሻል ተብላ ስትያዝ የወንድ ልብስ ለብሳ ነበር፤ ስሟንም ጄምስ በሮው አለች። ገና የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ናት። 7 ዓመት ተፈርዶባት በ1792 በሮያል አድሚራል መርከብ ሲድኒ ገባች። ኋላ አግብታ፣ ባሏ ሲሞት ንግዱን ይዛ፣ ከከተማዋ ሀብታሞች አንዷ ሆነች። እንግዲህ የተያዘችበትን ወረቀት «ሜሪ» በሚል ብቻ የሚፈልግ ሰው ምን ያገኛል? ምንም። ሰውሽ በአንድ ስም ካልተገኙ ሌላ ስም እንዳላቸው አስቢ። መዝገቦቹም ሁለተኛ ስም ሲኖር ብዙ ጊዜ ይጠቅሳሉ።

ሰውዬውን ካገኘሽ በኋላ የሚመጣው የጠባይ መዝገብ የሚባለው ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ስጪ። ቡና አፍልተሽ፣ ከባለቤትሽ ጋር ሆነሽ አንብቢው። አንድ ትልቅ ገጽ ነው። ከላይ የፖሊስ ቁጥሩ፣ ስሙ፣ መርከቡ፣ የት ከተማ መቼ እንደተፈረደበት። ቀጥሎ የእስር ቤቱ ሪፖርት፣ የመርከቡ ሐኪም ሪፖርት፣ ማንበብና መጻፍ መቻሉ፣ ሃይማኖቱ፣ ሥራው። ከዚያ ጥፋቱ በራሱ አንደበት። «በግ ሰረቅሁ፤ ቀደም ሲል አተር ሰርቄ 2 ወር ታስሬ ነበር» ዓይነት። የቤተሰቡ የዳቦ ታሪክ እዚህ ላይ ወይ ይጸናል ወይ ይወድቃል። ላዘጋጅሽ፣ ብዙ ጊዜ ይወድቃል። ዳቦ የሚለው ታሪክ በየቤቱ አለ፤ መዝገቡ ላይ ግን ልብስ፣ ከብት፣ ገንዘብ ነው የሚበዛው። ብዙዎቹም የመጀመሪያ ጥፋታቸው አልነበረም። ጥቂቶች ደግሞ ሌቦች አይደሉም። በ1830 የእህል መውቂያ ማሽን የሰበሩ ገበሬዎች አሉ። በ1834 ማኅበር መሥርተው በመማማላቸው ብቻ የተጋዙ የቶልፐድል ስድስት የእርሻ ሠራተኞች አሉ።

ከዚያ በታች ያለው ክፍል ከባዱ ነው። የቅጣት ዝርዝር ነው። ሰክሮ መገኘት፣ 5 ሺሊንግ። ያለፈቃድ ከሥራ መጥፋት፣ ለብቻ መታሰር በዳቦና በውኃ። ለጌታው መልስ መስጠት፣ 36 ግርፋት። በሰንሰለት ከባድ ሥራ፣ 3 ወር። በየመስመሩ መካከል ቀን አለ። ቀኖቹን ተከታተያቸው። አንዳንዱ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እየተቀጣ ያሳልፍና ድንገት ዝም ይላል። ዓመት፣ ሁለት ዓመት ምንም የለም። ምን ሆነ? የጋብቻ ፈቃድ መዝገቡን ክፈቺ። ብዙ ጊዜ ዝምታው የጀመረበት ወር ላይ አንዲት ሴት አለች።

ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ አይነበብም። ምህጻረ ቃሉ ብዙ ነው፤ ቦታ ሲያልቅባቸው መስመር አጣመው ጠርዙ ላይ ጽፈዋል። አትቸኩዪ። የምታውቂያቸውን ቃላት ፊደል ልቀሚ፤ ለምሳሌ የወራት ስም። ከዚያ ያንኑ ፊደል ሌላው ቃል ውስጥ ፈልጊ። ሁለት ሦስት ገጽ ካነበብሽ በኋላ የዚያ ጸሐፊ እጅ ይለምድሻል።

ከቅጣቱ በኋላ የነፃነቱ ወረቀት ይመጣል። መጀመሪያ የፈቃድ ወረቀት። ይህ ያለው ሰው ለራሱ ሠርቶ ያድራል፤ ግን ከተመደበበት ወረዳ አይወጣም፤ ለቆጠራም ይቀርባል። ቀጥሎ በቅድመ ሁኔታ የተሰጠ ምሕረት፣ ወይም ፍርዱን ጨርሶ ከሆነ የነፃነት የምስክር ወረቀት። ከዚያ ታዝማኒያ ውስጥ ካለው ከሎንሰስተን ወደብ የወጡ ሰዎችን መዝገብ እይ። የሰውሽ ስም ከነመርከቡ፣ መድረሻው ፖርት ፊሊፕ ተብሎ ካለ፣ የባሕሩ ሁለት ዳርቻ ተገናኘልሽ ማለት ነው። ፖርት ፊሊፕ ሜልበርን ያለችበት ወሽመጥ ነው። አንቺ አሁን ያለሽበት።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። ስለ ሚስታቸው አንድም ቃል አልጻፍሽም። እሳቸው ብቻ ናቸው «ግዞተኛው»። ታዝማኒያ ውስጥ ተጋብተው ከሆነ እሷም ግዞተኛ የመሆኗ ዕድል ትንሽ አይደለም። ወደ አውስትራሊያ ከተጋዙት ወደ 25 ሺህ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው። የጋብቻ ፈቃዱ የሁለቱንም መርከብ ይጽፋል። የሴቶቹ መዝገብ ለብቻው ነው የተያዘው፤ ብዙ ሰው ሳይከፍተው ያልፋል። በታዝማኒያ ዋና ከተማ በሆባርት ያለው ካስኬድስ የሴቶች እስር ቤት ውስጥ የወለዱ እናቶች አሉ፤ ሕፃናቱ ከእናታቸው ተለይተው በሚያድጉበት ክፍል ብዙዎቹ ሞተዋል። ቤተሰቡ ስለ ዳቦው ሰውዬ መቶ ሃምሳ ዓመት ሲያወራ እሷን ማንም አላነሳት ይሆናል። ልጅሽ ከእሷም ናት። እባክሽ እሷንም ፈልጊያት።

ወደ ብሪታንያ የምትሻገሪው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጉዞው አጭር ነው፤ መርከቡንና የተፈረደበትን ከተማ ይዘሻልና። ለንደን ኪው ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የግዞት መርከቦች መዝገብ አለው፤ ምልክቱ ኤችኦ 11 ነው። ፍርዱ የለንደን ከሆነ ዕድለኛ ነሽ። የኦልድ ቤይሊ ችሎት ቃል ከ1674 እስከ 1913 ያለው በነፃ ኢንተርኔት ላይ ይነበባል። ምስክሩ ያለው፣ ዳኛው የጠየቀው፣ ተከሳሹ የመለሰው አለ። ከለንደን ውጭ ከሆነ ግን የአውራጃውን ቤተ መዛግብትና የከተማውን ጋዜጣ ነው የምትፈልጊው። ጋዜጣው ከፍርድ ቤቱ ወረቀት የበለጠ ብዙ ይናገራል። ኪው ውስጥ የይቅርታ ማመልከቻዎችም አሉ፤ ኤችኦ 17 እና ኤችኦ 18። እናት ልጇን እንዲለቁላት ያስጻፈችው፣ የመንደሩ ሰው ፈርሞ የላከው ደብዳቤ እዚያ ይገኛል። ሁሉም ሰው የለውም፤ ካለ ግን ወርቅ ነው።

የተፈረደባቸው አየርላንድ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። በ1922 ደብሊን ላይ የመንግሥት ቤተ መዛግብቱ በእርስ በርስ ጦርነት ተቃጥሎ ብዙ ነገር ወድሟል። የተረፉት የግዞተኛ ወረቀቶች በአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ማውጫ ወጥቶላቸው በስም ይፈለጋሉ።

ለአውስትራሊያው ሕይወታቸው ደግሞ ትሮቭን አትርሺ። የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ የጋዜጣ ክምችት ነው፤ በነፃ ነው። የባላራትን ጋዜጣ በሞቱበት ሳምንት ክፈቺ። የቀብር ማስታወቂያው የት ቤት እንደነበራቸው ይነግርሻል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። ሌሎች ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የሰቀሉትን የዘር ሐረግ እንደ ጥቆማ ውሰጂው፤ እንደ ማስረጃ አትውሰጂው። አንዱ የተሳሳተውን ሃምሳ ሰው ገልብጦት ሃምሳ ምስክር ይመስላል። የዘረመል ምርመራም የሚጠቅመው ወረቀቱ ካለ በኋላ ነው። ከዘመድ ጋር ያገናኝሻል እንጂ መርከብ አይነግርሽም።

አሁን ወደ ልጅሽ። ንገሪያት። 11 ዓመት ለዚህ ታሪክ ትንሽ ዕድሜ አይደለም። ሜሪ ሬይቢ ስትያዝ ከዚያ ሁለት ሦስት ዓመት ብቻ ነው የምትበልጠው። የድሮ ሰዎች የደበቁት ስለሚያፍሩ ነበር፤ በዘራቸው ግዞተኛ መኖሩ ሥራም ትዳርም ያሳጣቸው ነበር። ዛሬ ያ ነገር ተገልብጧል። አውስትራሊያዊ የግዞተኛ ዘር ሲያገኝ ደውሎ ለዘመድ ይናገራል። ዩኔስኮ በ2010 አሥራ አንድ የግዞተኛ ቦታዎችን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል፤ ፖርት አርተር አንዱ ነው። ክረምት ዕረፍት ላይ ውሰዷት፤ ከሆባርት በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው።

ግን እንደ ተረት አታሳምሪላት። ግርፋቱን ንገሪያት። የተሰረቀበትም ሰው ድሃ ሊሆን እንደሚችል ንገሪያት። ግዞተኞቹ የወረዱበት መሬት ባለቤት እንደነበረውና ያ ሕዝብ ከዚያ በኋላ ምን እንደደረሰበትም ትጠይቅሽ ይሆናል። ከጠየቀችሽ አትሸሺ።

ደግሞ ልጅሽ ግማሿ የእኛ ናትና አንድ ነገር ጨምሪላት። ከግዞተኞቹ መካከል ጥቁሮችም ነበሩ። ዊልያም ከፌይ የሚባል የለንደን ልብስ ሰፊ ነበር። አባቱ ከሴንት ኪትስ ደሴት በባርነት የነበረ ሰው ነው። ለድሃው የመምረጥ መብት ሲታገል በ1848 ተይዞ ወደ ታዝማኒያ ተጋዘ። በ1856 ምሕረት አገኘ፤ አልተመለሰም። እዚያው ልብስ እየሰፋ፣ ለሠራተኛ መብት እየተከራከረ በ1870 ሆባርት ውስጥ ሞተ። የእሱም መዝገብ እዚያው ማውጫ ውስጥ ነው፤ ቁመቱም ፀጉሩም ተጽፏል። ማንበብ እስክትለምጂ በእሱ ገጽ ተለማመጂ። ታሪኩ በደንብ ስለሚታወቅ ትክክል ማንበብሽን ማረጋገጥ ትችያለሽ።

የትምህርት ቤቱ ሥራ የሚደርሰው ምናልባት በሁለት ሳምንት ነው። ይህ ሁሉ በሁለት ሳምንት አያልቅም፤ አይጠበቅባትምም። አምስተኛው ቤት ላይ ስማቸውን ትጻፍ፣ ከጎኑ «ባላራት የሞቱ፤ እየፈለግን ነው» ትበል። አንቺ ዛሬ ማታ የሞት ወረቀቱን እዘዢ። ሲደርስሽ ሌላውን ሁሉ ትተሽ በቀጥታ ያቺን ዓምድ አንብቢ፤ የት ተወለዱ፣ በየትኛው ቅኝ ግዛት ስንት ዓመት ኖሩ የምትለዋን። እንዳለ ገልብጠሽ ላኪልኝ፤ አጻጻፉን ሳታስተካክዪ።